አባት የቆጠርኩበት ቤት

የጓደኛዬ አባትና የእኔ አባት በአንድ ክረምት ተከታትለው ሞቱ። የእሱ አባት የጎንደር እስላም፣ የድሮ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ ጨውና ቡና፣ አቡጀዲና መርፌ በበቅሎ ጭነው በደጋና በቆላ ሲመላለሱ ያረጁ ሰው። መሞታቸው ከተሰማ በኋላ ለቀስተኛው ለሳምንታት አላባራም። ከኮላ ድባ መጣ፣ ከሳንጃ መጣ። የት እንደሆነ እንኳ ከማላውቀው የደጋ አገር አንድ ክርስቲያን ገበሬ ዱላውን ይዞ መጥቶ፣ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ከግቢያቸው በር ላይ ቆሞ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ሲደቃ በዓይኔ አይቻለሁ።

የእኔ አባት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ሲሞት ድንኳን ተተከለ፣ የዕድሩ ሰው መጣ፣ ባልደረቦቹ አግዳሚውን ሞልተው ካርታ ተጫወቱ። አልቃሿ ሴትዮ ከመጀመሯ በፊት ጠጋ አለችኝና በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

«ልጄ፣ አገሩ ወዴት ነው? ወገኑን ንገረኝና ላንሳለት።»

«የግንቡ ሰዎች ነን» አልኳት። አባቴ ሁልጊዜ እንዲያ ይል ነበር።

«የትኛው ግንብ?»

«ከደጋው፣ ከገደሉ ማዶ ያለው።»

ድንኳኑን በዓይኗ ዞረችው። ከዚያ አገር የመጣ፣ ቃሏን የሚቀበላት ሰው ፈልጋ ነው። አልነበረም። ስለዚህ ስለ አባቴ የእጅ ጽሑፍ ማማር ጥቂት አልቅሳ ተቀመጠች።

ቀናሁ። በሞተ ሰው ለቅሶ ቀናሁ። ቅናትን አጥብቀው የሚያወግዙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀናባቸው እንጂ የሚቀኑ አይደሉምና ምክራቸውን ከቁም ነገር አልቆጥረውም። ለእኔ ቅናት እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ የታመመው ሰው የትኛው ጥርሱ እንደሆነ በትክክል ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። የጓደኛዬ ሱቅ አላማረኝም፣ ቤቱ አላማረኝም። «አባትህን አውቀው ነበር» የሚለው ሰው ብዛት ግን አንገበገበኝ።

አባቴ በበዓል ቀን ከሁለተኛው ብርሌ ጠጅ በኋላ ስለ ግንቡ ያወራ ነበር። በነገሥታቱ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ከተራራ ጫፍ የተቀመጠ፣ አሁን የፈረሰ ቤት ነው። ከቅድመ አያቶቹ አንዱ በዚያ ተቀምጦ አገር ገዝቷል። የአያቴ ቤትም ከሥሩ ነበር። አባቴ በጎረምሳነቱ ከዚያ ወጥቶ ተመልሶ አልሄደም፤ ለምን ሲባል ሌላ ወሬ ያመጣል። ግን ሰባት አባቶቹን እንድቆጥር አስተምሮኛል፤ ከማባዛት በፊት በቃሌ ያጠናሁት እሱን ነው። እውነቱን ለመናገር በታሪኩ ብዙም አላምንም ነበር። በጎንደር ከተማ አያቱ ጭሰኛ የነበረ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ሁሉም የባለ ግንብ ዘር ነው፤ ያን ሁሉ ድንጋይ ማን እንደተሸከመው እግዜር ይወቅ። ከለቅሶው በኋላ ግን ማመን አስፈለገኝ። እዚያ ደጋ ላይ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «አባትህን አውቀዋለሁ» እንዲለኝ ፈለግሁ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። በገጠሩ መሬት ሊሸጋሸግ ነው፣ ተለክቶ እንደገና ሊከፋፈል ነው የሚል ወሬ በየገበያው ይናፈሳል። እኔ ያኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ለጋዜጣም መጣጥፍ እልክ ነበር። ስለ ሽግሽጉም ጽፌያለሁ። በጽሑፌ ውስጥ ብዙ ሐሳብ ነበር፤ ገበሬ ግን አልነበረም።

ለመሄድ መነሣቴን ስነግረው ጓደኛዬ «እኔም እመጣለሁ» አለ።

«ምን ልታደርግ?»

«ሱቅ ተቀምጬ እግሬ ዶልዱሟል። ደግሞ ብቻህን ብለቅህ ከዝንጀሮ ጋር ተከራክረህ ገደል ትገባለህ።»

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን። ትልልቅ ጆሮዎች ነበሩት፤ እኛ እናሾፍበታለን፣ እሱ ከእኛ በላይ ይስቃል። በእሱ መናደድ ከባድ ነው። ይህም ራሱ ያናድደኝ ነበር።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ገብሱ መብሰል ሲጀምር ወጣን። እስከ ደባርቅ በአውቶቡስ ሄድን፤ እዚያ አንዲት በቅሎ ከነባለቤቷ ተከራየን። ፈረንጆቹ ባለ ብዙ ኪስ ሱሪያቸውን አጥልቀው፣ መሪና ባለ ጠብመንጃ አስከትለው ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያዩ በአንዱ መንገድ ሲሄዱ፣ እኛ በሌላው ቁልቁል ወረድን። በመንገድ ያገኘን ሁሉ አዘነልን።

«ምነው በእግራችሁ? ማኪና ተሰበረባችሁ?»

«አይ፣ ግንብ ልናይ ነው» እላለሁ።

«ግንብ? ከጎንደር አይደል የመጣችሁ? ጎንደር ግንብ ጠፋ?»

ጓደኛዬ ይህን በሰማ ቁጥር በቅሎዋ እስክትደነግጥ ይስቃል።

ቁልቁለቱ ጉልበት የሚያብረከርክ ነው። ከታች ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ የወረዱትን ሁሉ መልሶ የሚያስወጣ ዳገት። እኔ ለጉዞው ብዬ አዲስ የቆዳ ጫማ አድርጌ ነበር፤ ወንዙ ሳንደርስ ተረከዜ ተላጠ። እሱ ኮንጎ የሚባለውን የላስቲክ ጫማ አድርጎ እንደ ፍየል ይዘላል። እኔ ስለ ዓለቱ ዕድሜ ለባለ በቅሎው ሳስረዳ፣ እሱ ከኋላ ከገበያ ከሚመለሱ ሴቶች ጋር ስለ ገብስ ይጫወታል። ላሟ ወለደች ወይ፣ ዋግ መታው ወይ፣ ልጂቱን ማን አገባት ይላል። የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። እነሱም ልጃቸው ከሰፈር ጠፍቶ የተመለሰ ያህል ይመልሱለታል። እኔን ግን ከላይ እስከ ታች አይተው «ጤና ይስጥልን ጌታው» ይሉና መንገድ ይለቁልኛል። ወደ አባቶቼ አገር የምሄደው እኔ ነኝ፤ እንግዳ የምመስለውም እኔ ነኝ።

«እንዴት ነው የምታደርገው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ምኑን?»

«ሰው ሁሉ ዘመድህ የሚሆነው።»

«እጠይቃቸዋለኋ። አንተ እኮ ትነግራቸዋለህ።»

እንዲህ ያለ ነገር ይናገርና እያፏጨ ይቀጥላል።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ በደጋው ላይ ተጓዝን። የአስታው ቁጥቋጦ አለቀ፣ ጅብራ የሚባለው ሰው የሚያህል የውርጭ ተክል የበዛበት ሜዳ መጣ፣ ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲገለጥ ባለ በቅሎው በዱላው ጠቆመን። ከተራራው አፋፍ ላይ አንድ ቅስትና ግማሽ ግድግዳ ቆሟል። ከሥሩ ጥቂት ሳር ቤቶች ነበሩ፤ የመጀመሪያው በር ላይ ደርሰን «ቤቶች! እንግዶች ነን!» ብለን ተጣራን።

የቤቱ ጌታ በዕድሜ የገፉ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማይወዱ ሰው ናቸው። ሚስታቸው የሁለቱንም ይናገራሉ። አንድ ጎልማሳ ልጅ አላቸው፤ ውሻውን ያዘልንና እግራችንን እንድንታጠብ ውኃ አመጣ። እንግዳን ደጅ ማሳደር በዚያ አገር ነውር ነውና ማን እንደሆንን እንኳ ሳይጠይቁ አስገቡን። ጓደኛዬ የተረፈውን ውኃ ይዞ ሊሰግድ ወደ ጓሮ ዞረ። ሲጨርስ ሴትዮዋ ከበሩ ላይ ቆመው አፈጠጡበት።

«አንተ፣ ያ ጆሮ የማን ነው?»

«የኔ ነው እምዬ።»

«ያንተስ ያንተ ነው። ከማን አመጣኸው ነው የምልህ!»

«ከአባቴ።»

«አባትህ ነጋዴ ነበር? ቀይ፣ ረዥም፣ ሲስቅ የሚያስነጥሰው?»

ጓደኛዬ ሲናገር ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። «አዎ፤ ያስነጥሳቸው ነበር።»

«ሰውዬ!» ብለው ጮኹ ወደ ውስጥ። «ሰውዬ ውጣ! የአያ ነጋዴ ልጅ መጣ! ጆሮውን ይዞ መጣ!»

ከዚያ የሆነውን ሁሉ ከመደቡ ላይ፣ የተላጠ እግሬን ዘርግቼ፣ አየሁት። አቅፈው ሳሙት፣ አገላብጠው ሳሙት። መሞታቸውን ሲነግራቸው ሁለቱም ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ ልጁም ከውጭ መጥቶ አለቀሰ። ከዚያ ሴትዮዋ ተነሡና ከምሰሶው አናት ላይ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። የሸክላ ድስት ነበር።

«የአባትህ ናት» አሉት። «አማቴ ነች ያስረከበችኝ። ጾም ፍስክ ሳንል፣ ከእሱ በቀር ሰው አልበላባትም።»

እኛ የእስላም ሥጋ አንበላም፣ እስላሙም የእኛን አይበላም፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ስለዚህ በየመንገዱ ደንበኛ ቤት ያለው ነጋዴ በየቤቱ የራሱ ድስት ይኖረዋል፤ ሲመጣ ዶሮውን ራሱ ያርዳል፣ ራሱ ይሠራል። ይህ ከገባኝ ቆይቷል። ያልገባኝ፣ መምጣት ካቆመ ከብዙ ዘመን በኋላም ድስቷ ከነክዳኗ ታጥባ የምትሰቀል መሆኗ ነው። እኔ ከዚያ አገር ፈልቄያለሁ የምለው ሰው ገል እንኳ አልነበረኝም።

ዶሮ ተያዘለት፣ ቢላዋ ተሰጠው። ሽንኩርትና በርበሬ፣ ቅቤም ቀረበለት። እሱ ከምድጃው ሥር ተንበርክኮ ሲያማስል ሴትዮዋ አጠገቡ ሆነው «አባትህም እንዲሁ በግራ እጁ ነበር የሚያማስል» ይላሉ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ለእኔና ለባለ በቅሎው የባቄላ ወጥ መጣ። የገዛ ሃይማኖቴ እንኳ ለእሱ አድልቷል።

ጀንበሯ ከተራራው ጫፍ ሳትለቅ ስለ አያ ነጋዴ የማይወራ አልቀረም። አንድ ክረምት ታመው በዚያ ቤት መክረማቸው፣ ለሴትዮዋ ሠርግ መርፌና ክር ይዘው መምጣታቸው፣ የቤቱን ልጅ ስም ያወጡት እሳቸው መሆናቸው። ስም ያወጡት! የክርስቲያኑን ልጅ! ጓደኛዬ በያንዳንዱ ይስቃል፣ ከሳቁ በኋላ ዓይኑን ይጠርጋል። ወደ እኔም ዘወር ብሎ «ሰማህ?» ይላል። ሰምቻለሁ። ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም።

«እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ» አልኩ።

ሁሉም ዘወር አሉ። ያሰብኩት ይህንኑ ነበርና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አባቴን ጠራሁ። የአባቴን አባት ጠራሁ። አባቴ እንዳስተማረኝ፣ ሳልሳሳት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እስከ ሰባተኛው ደረስኩ፤ ሰባተኛው ላይም «ይህን ግንብ የያዘው» ብዬ ጨመርኩበት።

ሴትዮዋ ጠላ ሊቀዱልኝ ማንቆርቆሪያውን አንሥተው ነበር፤ መልሰው አስቀመጡት። ባለ በቅሎው ሳለ። የቤቱ ልጅ በርጩማውን ወደ በሩ ጎተተው።

«ማን አልክ?» አሉ ሽማግሌው።

ደገምኩት። በዝግታ፣ እንደ ክፍል ውስጥ።

«አናውቅም።»

«አያ፣ ሰባት ሰው ነው የቆጠርኩት። ከሰባቱ አንድም?»

«አንድም። እንዲህ የሚባል ሰው በዚህ አገር አልተወለደም።»

«ከወረዳ ነው የላኩህ?» አለ ልጁ።

«ኧረ አይደለም፤ አስተማሪ ነኝ።»

«አስተማሪ። ትጽፋለህ?»

«አዎ፣ እጽፋለሁ» አልኩ፤ በኩራት ነው ያልኩት።

ልጁ ተነሥቶ ወጣ። ከጎረቤት ውሾች ሲጮሁ ሰማሁ። ሴትዮዋ «መንገድ አድክሟችኋል፤ ጋደም በሉ» አሉ፤ ለሁለታችንም አሉት፤ አጎዛው ግን ለጓደኛዬ ተነጠፈለት። እኔ አባቴ ዋሽቶኛል ብዬ ደመደምኩ። የሰውየው ፊት እንደ ግንቡ ድንጋይ ነበር፤ የሚያውቅ ሰው እንዲያ ሊል አይችልም ብዬ አሰብኩ። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ፊት ማንበብ ግን እምብዛም ነኝ።

ጠዋት ወደ ግንቡ ስንወጣ የሚመራን አልተገኘም። ደረስን። ቅስቱ ከሩቅ ከታየው ያነሰ ነበር፤ ኖራው ነጭ ሆኖ ተላጧል፣ ጉድጓዱን ሳማ ሞልቶታል። አዳራሹ ነው ያልኩት ስፍራ ለጥ ብሎ ተደልድሎ አውድማ ሆኗል፤ ገለባ ነፋሱ ያንከባልለዋል። ገብሱ እስከ ግድግዳው ሥር ድረስ ተዘርቷል፤ አንድ ክንድ ያልታረሰ ቦታ የለም። የአገር ገዢ ቤት ይሁን የእህል ጎተራ ለመለየት ከእኔ የተሻለ ሊቅ ያስፈልጋል። የሆነ ሆኖ ለመጣጥፍ ይሆነኛል ብዬ ከቦርሳዬ ገመድ አወጣሁና ግድግዳውን መለካት ጀመርኩ። ጫፉን በድንጋይ ይዤ በገብሱ ዳር ወደ ኋላ ስሄድ ጓደኛዬ ጮኸ።

«ክተተው! ገመዱን ክተተው አንተ ጅል!»

ቀና ስል ከእርሻው ዳር የቤቱ ልጅና ሌሎች ወንዶች ዱላ ይዘው ቆመዋል። ያዩኛል።

«ምን አደረግሁ?»

«ምን አላደረግህም? መሬት ሊሸነሸን ነው በሚባልበት ዓመት ከከተማ መጣህ፣ ጸሐፊ ነኝ አልክ፣ ሰባት አባት ቆጠርክ፣ ጠዋት ተነሥተህ ደግሞ ገመድ ዘረጋህ! በዚህ አገር አባት የሚቆጥር ሰው ምን ፈልጎ ነው?»

በዚያ አገር አባት የሚቆጠረው ለጨዋታ አልነበረም። ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን በመቁጠር ነበር፤ ቆጥሮ የደረሰ ሰው ከሌላው እርሻ ላይ ድርሻውን ያስቆርሳል። አዋጅ ከሻረው ቆይቷል። እኔ አዋጁን አንብቤዋለሁ፤ እነሱ ግን ስንት አዋጅ መጥቶ ስንቱ እንደሄደ ያውቃሉ። ገመዱን ጠቅልዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መናደድ የነበረብኝ በራሴ ነው። በእሱ ተናደድኩ።

«ላንተማ ምን አለብህ» አልኩት። «ድስት ሰቅለው ይጠብቁሃል።»

«ድስት!» አለ። ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር። «አባቴ በዚህ መንገድ ዕድሜውን ጨረሰ። አንድ ክንድ መሬት የኔ ነው ሊል አይችልም ነበር። እስላም ርስት የለውም። ድስቷን የሰቀሉለት ለምን ይመስልሃል? ከድስቷ በቀር የሚጠይቃቸው ነገር ስለሌለ ነው! እሱን ማስታወስ ምንም አያስከፍላቸውም። አንተን ግን ፈሩህ። እኔን በዚህ አገር ፈርቶኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ድስቷን ውሰዳትና ፍርሃታቸውን ስጠኝ!»

እንደሚቀናብኝ ያኔ አወቅሁ። ደስ ሊለኝ በተገባ። አላለኝም፤ እሱ የሚቀናው በትዕቢት ነው፣ እኔ በርሃብ ነበር። ደግሞም መፈራቴ ማንነቴን አያስረዳልኝም፤ ሰባት ስም ፈልስፎ የመጣ ወስላታም ቢሆን ያው ይፈሩት ነበር። አባቴ ከዚህ ይሁን አይሁን ከመምጣቴ በፊት ከማውቀው በላይ አላወቅሁም።

ልጁ መጥቶ «ሽማግሌዎች ይጠሩሃል» አለኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከጽድ ሥር ተቀምጠዋል። የትናንቱ አስተናጋጃችንም ከመካከላቸው ናቸው፤ ዱላቸውን ሁለት እጃቸው ላይ አጋድመው መሬት መሬት ያያሉ። አንደኛው ሽማግሌ ያለ ብዙ መቅድም ጠየቁኝ።

«የዚህ አገር አጥንት ነህ፣ አይደለህም?»

«ለምን ትጠይቁኛላችሁ? ትናንት አናውቅህም ተብያለሁ።»

«እኛ ማለታችን ብቻውን አይበቃም። አንተ በል።»

«የመጣሁት ግንቡን ለማየት ነው። መሬት አልፈልግም። መሬት ብትሰጡኝ ምን ላደርገው ነው? ድንች እንኳ ተክዬ አላውቅም።»

አንዱ ሽማግሌ ሊስቅ ሲል ሌሎቹ አዩትና ዋጠው።

«ዛሬ አልፈልግም ያለ ነገ ልጁን ይልካል» አሉ የመጀመሪያው።

ጓደኛዬ ከዳር ቆሞ ነበር። «እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» አለ። «አያ ነጋዴን የምታውቁ ከሆነ፣ በእሱ ይሁንባችሁ።»

እርስ በርስ ተያዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ወዲያው ተቀበሉት! በአባቶቼ አገር፣ ከአባቶቼ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ እኔ የምታመነው በጨው ነጋዴ ስም ሆነ። ከዚያች ደቂቃ የበለጠ የቀናሁበትን ጊዜ አላስታውስም፤ ያደረገልኝ በጎ ነገር ሁሉ ደሜን አፈላው።

«ዋሱ ሸጋ ነው» አሉ የመጀመሪያው ሽማግሌ። «ግን ቃሉንም ይስጥ። በአባቱ አጥንት ይማል።»

ገብሱን አየሁት። የልጁን ዱላ አየሁት። አስተናጋጃችንን አየኋቸው፤ ቀና አላሉም። ለአንድ ቃል ብዬ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ ነበር፤ አሁን ቃሉን አንሰጥም ያሉኝ ሰዎች ተቃራኒውን ከእኔ አፍ ይጠብቃሉ።

«ከዚህ አገር ብሆን የአባቴ አጥንት ይውጋኝ» አልኩ። «ተሳስቻለሁ። የእኛ ግንብ ሌላ ነው።»

ፊታቸው ሁሉ ተፈታ። አንዱ ተነሥቶ ትከሻዬን መታ አደረገኝ፤ ሌላው «ይሆናል፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ የፈረሰ ነገር አለ፤ እሱ እንዳይሆን» ብሎ አጽናናኝ። ጠላ መጣ። በጠዋቱ ያላናገሩኝ ሴቶች እግሬን ቅቤ ቀቡልኝ። ዘመድ አለመሆኔ ከተረጋገጠ በኋላ እንደ ዘመድ ተስተናገድኩ።

ከሰዓት በፊት ለመመለስ ተነሣን። ሴትዮዋ ለጓደኛዬ ቆሎ ቋጠሩለትና እሱና ባለ በቅሎው ወደ ፊት ቀደሙ። ያሳደሩን ሽማግሌ እኔን ሊሸኙ ከኋላ አዘገሙ። እንግዳ መሸኘት ደንብ ነው፤ እስከ ሰፈሩ ዳር ሸኝተው ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። የሰፈሩን ዳር አለፉት። የመጨረሻውን እርሻ አለፉት። ጅብራው ጋ ደርሰን ቤቶቹ ከጉብታው በስተጀርባ ሲሰወሩ ቆሙ።

«እግሩስ ዳነለት?» አሉ።

«የማን እግር?»

አላዩኝም። «የሰውየው ነዋ።»

ስለ አባቴ እግር በዚያ አገር ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አባቴ ግራ እግሩን ይጎትት ነበር። በልጅነቴ ስጠይቀው በቅሎ ረግጣኝ ነው ይለኝ ነበር።

«አልዳነለትም» አልኩ። «እስከ መጨረሻው እንዳነከሰ ነው።»

«እኔን ሊያወጣ ወርዶ ነው፤ ከገደሉ» አሉ። ከዚያ ቃሌ ዘግይቶ የገባቸው ይመስል ዘወር አሉ። «እስከ መጨረሻው? ሞተ እንዴ?»

ትናንት ሰባት ስም ስደረድር የመጀመሪያው መሞቱን አልተናገርኩም ነበር።

«በክረምቱ» አልኩ።

ሽማግሌው ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ገልብጠው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ ለቀስተኛ እንደሚለብሰው አዘቅዝቀው ለበሱት። ፊታቸውን ወደ ሰፈሩ ሳይሆን ወደ ገደሉ አዙረው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ድምፅ አላወጡም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምኑ ነዎት፣ ወንድሙ ነዎት፣ የአጎቱ ልጅ ነዎት ብዬ ልጠይቅ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ምዬበት የመጣሁት ነገር ስለሆነ ዝም አልኩ።

ሲበቃቸው ተነሡ። ጉልበቴን፣ ቀጥሎ ትከሻዬን ነካ አደረጉና መንገዳቸውን ጀመሩ። ከጉብታው በፊት፣ ሰፈሩ ከሚታይበት ትንሽ ቀደም ብለው ቆሙ፤ ኩታቸውን አወለቁ፣ እንደ ወትሮው አስተካክለው ለበሱና ተሻግረው ወረዱ።

ጓደኛዬን የደረስኩበት ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ነው። ቆሎውን እየቆረጠመ ይጠብቀኛል።

«ሽማግሌው ይህን ያህል ምን አሉህ?»

«መንገዱ ያንሸራትታል፣ ተጠንቀቁ አሉ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«ንግግራቸው ዘገምተኛ ነው።»

ጆሮውን አከከና ትክ ብሎ አየኝ። በዓመታት ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ ጠይቆኛል፤ በሱቁ፣ በልጁ ሠርግ ላይ ሳይቀር ጠይቆኛል። አልነገርኩትም። እሱ አባቱን ያለቀሱለትን ሰዎች ቆጥሮ አይጨርሳቸውም። እኔ አንድ አለኝ፤ አላካፍልም።